በግራ በኩል የቆመ ሰው አልነበረም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው መጨበጥ አስቸግሮኛል። ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ የማውቀው ሰው ሳገኝ እጄን እዘረጋለሁ፤ ገና «እንደምን ከረማችሁ» ተባብለን ሳንጨርስ ጣቶቼ ወደ አንጓው ሾልከው የደም ሥሩን መፈለግ ይጀምራሉ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ቅቤ ሻጭ እጇን ሳትነጥቀኝ፣ «ሲስተር፣ ልትገዢኝ ነው ወይስ ልትመረምሪኝ?» አለችኝ። «ሁለቱንም» አልኳት። የልቧ አመታት ደህና ነበር፤ ቅቤዋ ግን ሰንበት ብሏል።

ሠላሳ ሦስት ዓመት ነርስ ነበርኩ። እስቴ ጀመርኩ፣ ስማዳ ላይ ጎለመስኩ፣ ታች ጋይንት ላይ አረጀሁ። በሽኝቴ ቀን አንድ ጋቢና በመስታወት የገባ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ ጋቢውን ለብሼዋለሁ፣ ወረቀቱን እህቴ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች። ስለ ደመወዙ የማወራው የለኝም፤ ዘግይቶም ቢሆን ይመጣ ነበር። ሪፖርቱንም በሦስት ኮፒ እንጽፍ ነበር፤ ማን እንደሚያነበው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወጣት ነርሶች «ሲስተር፣ በሥራ ዘመንሽ በጣም የከበደሽ ምን ነበር?» ሲሉኝ ስለ በቅሎ መንገዱ ወይም ስለ ቆላው ወባ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እኔ የምነግራቸው ግን ኮሮና በገባበት ዓመት በገዛ እጄ ስላሰመርኳቸው ሁለት መስመሮች ነው። ያን ለመናገር ደግሞ ከጋሼ አዱኛ መጀመር አለብኝ።

ጋሼ አዱኛ በመጀመሪያው ምድቤ፣ እስቴ ላይ ያገኘኋቸው ድሬሰር ናቸው። ድሬሰር ማለት ያኔ ሐኪም በሌለበት አገር ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ጥርስ የሚነቅል፣ ሲቸግርም የሚያዋልድ ሰው ነው። እኔ ጎንደር ትምህርቴን ጨርሼ፣ ነጭ ጋዋኔን በካውያ ተኩሼ፣ ከእሳቸው የበለጠ አውቃለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል እውነት መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሆዳቸውን የታመሙ አንድ ሽማግሌ አስተኝቼ እጄን ሆዳቸው ላይ ባሳርፍ፣ ብድግ ብለው ቁጭ አሉ። «ይህ እጅ ነው በረዶ? ከጉና ተራራ ነው እንዴ የመጣሽው?» አሉኝ። ጋሼ አዱኛ ከወዲያ ሳቃቸውን ለቀቁት። ከዚያ ተነሥተው፣ በሽተኛው በሚያይበት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ አድርቀው፣ ሁለቱንም እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተቱና ስለ ሽማግሌው በቅሎ ይጠይቁ ጀመር። የበቅሎዋ ወሬ እስኪያልቅ እጃቸው ሞቀ። ሽማግሌውም ሳይነገራቸው ተጋደሙ።

የበቅሎዋ ወሬ ለጨዋታ ብቻ እንዳልነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ጋሼ አዱኛ ሰው ሲያወራ የሚያዳምጡት ትንፋሹን ነበር። ወሬውን ሳይቆራርጥ ከጨረሰ፣ በቃልና በቃል መሀል አየር ካልተሻማ፣ ሳንባውን ግማሽ መርምረውታል። «ምንህን ነው የሚያምህ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ከበሽተኛው ኋላ ተቀምጠው። ለምን ከኋላ እንደሚቀመጡ ስጠይቃቸው፣ «ፊት ለፊት ስታይው ደህና መስሎ ለመታየት ይታገላል። ጀርባውን በእጅሽ ስትይዥለት ትግሉ ይደክመውና ይነግርሻል» አሉኝ።

ከኋላ ሆነው መዳፋቸውን ጀርባው ላይ ዘርግተው «አርባ አራት በል» ይላሉ። ይህንስ እኔም ተምሬዋለሁ፤ ድምፁ በሳንባው አልፎ መዳፍ ላይ ይነዝራል፤ ሳንባው ውስጥ የጠጠረ ነገር ካለ ንዝረቱ ይበረታል፣ ውኃ ከቋጠረ ይጠፋል። በትምህርት ቤት ያልነገሩኝ፣ የእኛ አገር ሰው አርባ አራት በል ሲሉት ቁጥሩን ብቻ ጠርቶ እንደማያቆም ነው። «አርባ አራቱ ታቦት ይጠብቁህ!» ብሎ ምርቃቱን ያስከትላል። ጋሼ አዱኛም «አሜን» ይላሉ፤ ንዝረቱ ስለረዘመላቸው ደስ ይላቸዋል።

ከእስቴ ወደ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ስዛወር ይህን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። ወገዳ ላይ ራሴን አመመኝ እያለ ሦስት ጊዜ የመጣብኝ አንድ ገበሬ ነበር። ሦስት ጊዜ ክኒን ሰጥቼ ሸኘሁት። በአራተኛው ትዕግሥቴ አልቆ ከኋላው ተቀመጥኩና ትከሻውን በእጄ ያዝኩ። «ሲስተር፣ በሬዬ ገደል ገባብኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም» አለ። መድኃኒቱ ከመድኃኒት ቤት አልወጣም፤ ለቀበሌው ሽማግሌዎች ነገርኩለትና ጎረቤቶቹ ተሰብስበው አረሱለት። ከወር በኋላ አንድ ቁና ሽምብራ ይዞ መጣ። የበሬ ሐኪም ናት ብሎ በአገሩ ሁሉ አስወራብኝ፤ ከዚያ በኋላ እኮ ላማቸው የከሳችባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይመጡብኝ ጀመር።

የመጨረሻው ምድቤ ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ጤና ጣቢያ ነበር። ኮሮና የደረሰብኝ እዚያ ነው። በሽታው ራሱ እኛ ጋ ሳይደርስ መመሪያው ደረሰ፤ አትጨባበጡ፣ አትጠጋጉ፣ ማስክ የሌለው እንዳይገባ። በሩን የሚጠብቀው ሞላ የሚባል ዘበኛችን ነው፤ ትእዛዝ ከተሰጠው ለእናቱም የማይበገር ሰው። አንድ ቀን ጠዋት ካየኋቸው በሽተኞች የአምስተኛውን ማስክ ሳይ ልቤ ጠረጠረ። ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ጆሮው ተበጥሶ በቀይ ክር ተቋጥሯል። የአራተኛዋም በቀይ ክር የተቋጠረ ነበር። ሸኝቼው ብቅ ብዬ ባይ፣ ማስኩን አውልቆ በአጥሩ ላይ ለሚቀጥለው ያቀብለዋል፤ ሞላ ደግሞ ተራ ያስይዛል።

«ሞላ! ይህ ምንድን ነው?»

«ማስክ የሌለው እንዳይገባ ነው ያሉኝ፣ ሲስተር። ያለ ማስክ የገባ አለ?»

ተቆጥቼ ልናገረው አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ ቀደመኝ። በማግስቱ ሁሉም በየነጠላውና በየኩታው አፍንጫውን እንዲሸፍን ተስማማን። ይህ ለጋይንት ሰው ምን ያስቸግረዋል፤ ብርዱ ሲመጣም ሲሸፈን የኖረ ነው።

ከዚያ ያ ብልጠቴ መጣ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማመካኛ የለኝም፣ የራሴ ሐሳብ ነበር። የሚያስሉትንና የማያስሉትን ለመለየት ግቢው ውስጥ በኖራ ሁለት መስመር አሰመርኩ። የማያስል በቀኝ፣ የሚያስል በግራ። የሚያስሉትን በጥንቃቄ ቶሎ አያቸዋለሁ፣ ሌላውም አይያዝም። ሥራዬን ከሩቅ ሆኜ ሳየው አማረልኝ።

የመጀመሪያው ቀን በግራ በኩል አንድም ሰው አልቆመም። በሁለተኛውም፣ በሳምንቱም። «ሳል የለም» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ሞላ መስመሩን አይቶ አይቶ፣ «ሲስተር፣ በግራ በኩል የሚቆም ሰው ይገኛል ብለው ነው?» አለኝ።

«ለምን አይገኝም?»

«እንዴ…» ብሎ ጠጋ አለኝ።

«ርቀትህን ጠብቅ፣ ሞላ!» አልኩት። ርቀቱን ጠበቀ፤ ሊነግረኝ የነበረውንም ይዞት ሄደ።

በሰኔ መግቢያ አንድ ዓርብ የኔታ ፈንታ መጡ። የኔታ ከጤና ጣቢያችን በላይ ባለው ደብር የድጓ መምህር ናቸው። አርባ ያህል ተማሪዎች ዙሪያቸውን በየጎጆው ሠፍረው ዜማ ይማራሉ። ድምፃቸውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማሕሌት ቆመው ሲያዜሙ እኔ ቤቴ ሆኜ እሰማቸው ነበር። ሲያገኙኝ መዳፋቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው ይመርቁኛል፤ ምርቃቱ ሲያልቅ ደግሞ፣ «መርፌሽን ከእኛ ሰፈር አርቂው» ብለው ያሾፉብኛል። ያን ዕለት አምስት ስድስት ተማሪዎች ተከትለዋቸው ነበር። የኔታ በቀኝ በኩል ቆሙ።

ተራቸው ሲደርስ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ በማስኬ ውስጥ እየጮህኩ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ ሳል አለዎት?»

«የለኝም።»

«ትኩሳትስ?»

«የለም፤ ትንሽ ድካም ነው። ጀርባዬንም ይወጋኛል።»

የሕመም ማስታገሻ በወረቀት ጠቅልዬ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩላቸው። አነሡት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ሊመርቁኝ እጃቸውን ወደ ራሴ ሲዘረጉ እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። የኔታ እጃቸውን አየት አደረጉትና ወደ ኩታቸው ውስጥ መለሱት። «ደህና ዋይ» ብለው ሄዱ፤ እኔም «የሚቀጥለው!» አልኩ።

ክረምቱ ገባ። መዝገቡ ሳሳ፤ ሙሉ ገጽ እሞላበት የነበረው ቀን ጥቂት መስመር ብቻ ይጻፍበት ጀመር። ጭቃው ነው፣ ጎርፉ ነው፣ የአረም ጊዜ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ነገሩን የገለጠችልኝ የየኔታ ባለቤት እትዬ አንጓች ናት። መስቀል እንዳለፈ ብቻዋን መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢም ብላት አልገባ አለች።

«እኔን ምንም አላመመኝም፣ ሲስተር። እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ጠፋ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳሉማ ከፋሲካ ጀምሮ ነው። አሁን ሰውነታቸውም አለቀ፤ ሌሊቱን ላብ ሲያጠምቃቸው ያድራል።»

«በሰኔ እኔው ጠይቄያቸው የለም ብለውኛል እኮ!»

«በቀኝ ቆመው እንዴት አለ ይበሉ?» አለች፤ ይህን አለማወቄ ገርሟት። «አንቺስ ያን መስመር ምን ብለሽ አሰመርሽው? በምጽአት ቀን በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ እንደሚቆሙ ለልጆቹ የሚያስተምሩ እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቻቸው እያዩዋቸው ከፍየሎቹ ጋር ይቁሙልሽ?»

ከበሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሞላ ከወዲያ ሆኖ፣ «ይህን ነበር ልነግርዎ የነበረው» አለ፤ «አላልኩም ነበር?» በሚል ድምፅ ግን አልነበረም። ይህ አገር ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቀኝና ግራውን ሲያይ ያደገ ነው፤ እኔም እዚሁ አገር ተወልጄ፣ እዚሁ ቆርቤ ነው እንዲህ ያደረግሁት። አራት ወር ሙሉ የሚያስል ሁሉ በቀኝ ቆሞ፣ ሳሉን በኩታው አፍኖ፣ የለም እያለኝ ሲሄድ ኖሯል። አፈርኩ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ላብ፣ ክሳት፣ ወራት ያስቆጠረ ሳል፤ ይህ ከኮሮና በፊት የማውቀው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ክረምቱን ሙሉ የኔታ በጠባብ ጎጆ ውስጥ ተማሪዎቻቸውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲያስተምሩ ከርመዋል። አሁን ቶሎ ካልታከሙ እሳቸውም ያልቃሉ፣ ልጆቹም ይከተላሉ።

«ዛሬውኑ ይምጡ» አልኳት።

እትዬ አንጓች መሬት መሬት አየች። «አይመጡም። ‹እሷ ከእኔ ሸሽታለች፣ እኔም አላስቸግራትም› ነው ያሉት።»

ጉብታው ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ፈልጌ፣ እስቴ ጡረታ ላይ ላሉት ጋሼ አዱኛ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ፍየሎቹ ስነግራቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቋርጠው፣ «ጀርባቸውን ነካሻቸው?» አሉኝ።

«አልነካሁም።»

«በይ እጅሽን አሙቂና ሂጂ» አሉና ዘጉት።

በማግስቱ ወደ ደብሩ ወጣሁ። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር የኔታ ጉባኤውን ከጎጆ አውጥተው ወይራው ሥር ዘርግተውታል። አንዱ ተማሪ ያዜማል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ሲሳሳት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ እንጂ እንደ ድሮው አዚመው አያርሙም። ተማሪዎቹ ሁሉ በቀኛቸው በኩል ነበሩ። እኔ ዞሬ በግራቸው፣ ከማንም ርቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ማን ናት?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፤ ድምፃቸው ሻክሮ ትንፋሽ ብቻ ሆኗል።

«ሲስተር ነኝ፣ የኔታ።»

«በዚያ በኩል ምን አስቀመጠሽ?»

«በግራ መቆም የሚገባኝ እኔ ስለሆንኩ ነው። ፍየሏ እኔ ነኝ።»

ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የኔታ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ መጀመሪያ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ። ሳቁ ሳሉን ጠራው። ወራት የታፈነ ሳል ነው፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪጎብጡ አሳላቸው፣ ሊያቆሙትም አልቻሉም። ተማሪዎቹ አልሰማንም ለማለት አንዳቸው የአንዳቸውን መጽሐፍ ይገልጡ ነበር። ሲበርድላቸው፣ «እንግዲህ ሰማሽው» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ። ፈርቼ ነው የሸሸሁት።»

«እኔም ፈርቼ ነው የዋሸሁት» አሉ። «መምህር ነኝ፣ ክብሬ ይነካል ብዬ ዋሸሁ። በይ ነይ፤ ምን ላድርግልሽ?»

ማስኬን አጥብቄ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት አዙሬአቸው፣ ከኋላቸው ተንበረከክሁ። እጄን ብብቴ ሥር አሙቄ ጀርባቸው ላይ ዘረጋሁት። አጥንት ብቻ ሆነዋል። አርባ አራት ይበሉ አልኳቸው፤ ቁጥሩን ከነምርቃቱ አሉልኝ። በግራ ትከሻቸው በኩል ንዝረቱ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ በቀኝ ትከሻቸው ላይ ግን መዳፌን ገፋው። ማዳመጫዬን እዚያው ሳስጠጋ፣ ሲተነፍሱ ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። በአንድ የእጅ ንክኪ የሚገኘውን ነገር በሰኔ በሁለት እርምጃ ሸሽቼው ነበር። አክታቸው ተመረመረ፤ ነቀርሳው ተገኘ።

ደስታዬ ግን በመድኃኒቱ ጉዳይ ሊበላሽ ምንም አልቀረው። የስድስት ወር ክኒን ነው፤ በየቀኑ፣ በጠዋት፣ በባለሙያ ፊት ይዋጣል ይላል መመሪያው። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በጠዋት ውኃ ቀምሼ እንዴት አገለግላለሁ? እኔ አገልግሎቱ ሳያበቃ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ምንም አልቀምስም። ይህ እኮ ዛሬ የጀመርኩት አይደለም።»

ድሮ ቢሆን «የኔታ፣ ትእዛዝ ነው፣ ይዋጡ» እል ነበር። ያን ቀን ግን አፌ ላይ የደረሰውን መልሼ ዋጥኩትና አሰብኩ። መድኃኒቱ የሚዋጠው በባዶ ሆድ ነው። የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ናቸው። ከእኔ በሽተኞች ሁሉ ለዚህ ክኒን እንደሳቸው የተመቸ የለም!

«የኔታ፣ መድኃኒቱ ራሱ እህል ሳይቀምሱ ነው የሚፈልግዎ» አልኳቸው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መክሰስ ሳይቀድመው።»

«እንግዲያው ጾመኛ ነው በይኛ!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ከጾመኛ ጋርማ እንስማማለን።»

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳገቱን እወጣ ነበር፤ ሳይመቸኝ ሲቀር እትዬ አንጓች ታስውጣቸው ነበር። የኔታ ነገሩን በነፃ አልተዉትም። «እኔ በፊትሽ እውጣለሁ፣ አንቺ በፊቴ ታዜሚያለሽ» አሉኝ፤ ርቀታቸውን ጠብቀው ከወይራው ሥር አንዲት ሐረግ ያስጠኑኛል። በሦስተኛው ሳምንት ዓይናቸውን ጨፍነው ከሰሙኝ በኋላ፣ «ድምፅሽ ከመርፌሽ ይብሳል» ብለው ተማሪዎቹን ሁሉ አሳቁብኝ። በመድኃኒቱ ሽንታቸው የቀላ ጊዜም አስቀድሜ ስለነገርኳቸው አልደነገጡም፤ «ቃሏ እውነት ሆነ» ብለው በጉባኤ መሰከሩልኝ፤ እንዲህ ያለ ምስክርነት ከማንም አላገኘሁም።

የተማሪዎቹ ምርመራ ተራ ሲደርስ፣ ሳል እንደ ነውር የተያዘበት ጉባኤ ነውና ማን አክታ ይስጥ? የኔታ ሁሉንም ሜዳው ላይ አራርቀው አሰለፉና እንደ ዜማ መሪ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ «በሉ፣ ከሆዳችሁ! ሳሉ!» አሉ። አርባ ወጣት በአንድ ጊዜ ሲያስል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አህዮች በረገጉ፣ እኔ ከሳቄ ብዛት የአክታ ዕቃዎቹን ጣልኳቸው። ሁለቱ ላይ ተገኘና ከመምህራቸው ጋር መድኃኒት ጀመሩ፤ ሁለቱም ዳኑ።

አንዱ ግን አመለጠኝ። ይስማው የሚባል፣ የኔታ በድምፁ የሚመኩበት ተማሪ፣ በነሐሴ እያሳለ ወደ አገሩ ሄዶ ነበር፤ አልተመለሰም። ስልክ የለው፣ ያባቱን ስም እንጂ ቀዬውን የሚያውቅ ጓደኛም አልተገኘ። ወደ ሦስት ወረዳ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ አልመጣም። በሰኔ የኔታን ነክቻቸው ቢሆን ኖሮ ይስማው ያኔ ገና ጎጆው ውስጥ ነበር። በዚህ የምጽናናበት ነገር የለኝም፤ እንዲሁ ይዤው እኖራለሁ።

የኖራውን መስመር በዚያው ሰሞን በመጥረጊያ ጠረግሁት። በምትኩ በግቢው ዛፎች ሥር ድንጋይ አራርቀን አስቀመጥንና ሰው ደስ ባለው ላይ ይቀመጥ አልን። በሽተኛው ወደ እኔ መምጣቱ ቀርቶ እኔ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እሄዳለሁ፤ ከኋላው ሆኜ፣ በሹክሹክታ፣ «ሳል አለ?» እላለሁ። አለ ይሉኛል። መዝገቡም እንደገና ወፈረ።

ሳስበው የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ አልነበረም። ከኮሮና በፊት እኔና በሽተኞቼ ስንዋደድም አዛዥና ታዛዥ ነበርን። ክፈት፣ ተንፍስ፣ ዋጥ፣ ሂድ። ምን ሰጠሽኝ የሚለኝ አልነበረም። ያን ዓመት ግን እኔም እንደ እነሱ እንደምፈራ አዩ፤ ደግሞም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ «ይህ ለምንድን ነው?» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም ማስረዳት ለመድኩ፤ ሳላውቅ ደግሞ አላውቅም አልኩ። አንዲት ባልቴት ጠጋ ብላቸው፣ «ማስክሽ ወርዷል፣ አስተካክዪ! አንቺ ከታመምሽ እኛን ማን ያየናል?» ብለው ተቆጡኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሽተኛ ስለ ጤናዬ ሲቆጣኝ የመጀመሪያዬ ነበር። በደስታ አስተካከልኩ።

የኔታ መድኃኒታቸውን የጨረሱት በመጋቢት፣ በዐቢይ ጾም ነው። አክታቸው ሁለት ጊዜ ተመርምሮ ነፃ ሆኗል፤ የቀረው አንድ ጊዜ ማዳመጥ ብቻ ነበር። በእግራቸው ወርደው መጡ፤ ፊታቸው ሞልቷል፣ መቋሚያውን የያዙት ለልማድ ነው። በርጩማው ላይ አስቀምጬ ከኋላቸው ሆንኩ፣ ማዳመጫውን ቀኝ ትከሻቸው ሥር አሳረፍኩ።

«ይተንፍሱልኝ፣ የኔታ።»

ሳቡ። ቅጠሉ የለም። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አየሩ ጥርት ብሎ ገብቶ ጥርት ብሎ ወጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳቡና አልተነፈሱትም፤ ጾመ ድጓውን አነሡ። መጀመሪያ ዝቅ አድርገው፣ እንደሚሞክር ሰው፣ ከዚያ ከፍ፣ ከዚያም በላይ። ያን ድምፅ ለዓመታት ከሩቅ ሰምቼዋለሁ፤ አሁን ግን ከአፋቸው ሳይወጣ፣ ከደረታቸው ውስጥ፣ በሁለቱ ጆሮዎቼ ገባ። በምርመራ ጊዜ ዝም ይበሉ ይባላል፤ እኔ አላልኩም። ትንፋሹ የሚያልቅበትን ቦታ ጠበቅሁ፤ የኔታ አልፈውት ሄዱ። ውጭ ድንጋይ ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ቆሙ፤ ሞላ በሩን ትቶ በመስኮቱ በኩል ቆቡን አውልቆ ቆመ።

ሲጨርሱ ወደ ኋላቸው ዞር ሳይሉ፣ «ምን ተገኘብኝ?» አሉኝ።

«ምንም አልተገኘብዎትም፣ የኔታ» አልኩ፤ እንባዬ ማስኬን አርሶታል። «አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

«ለምርመራው ነው?»

«አይደለም» አልኳቸው፣ ማዳመጫውንም ከጀርባቸው አላነሣሁም።